መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠው መመሪያ

ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት፣ ከስድስት ሰዓት በኋላ፣ የእጅ ስልኬ ጮኸ። በዚያ ሰዓት የሚደውል መርዶ ነጋሪ ነውና ደንግጬ ተነሣሁ። ግን ደዋይ አልነበረም፤ አጭር መልዕክት ነው። የላከው ሒሳብ ያለኝ አንድ የፋይናንስ ተቋም ሲሆን እንዲህ ይላል፦ «ውድ ደንበኛችን ሙከራ 3፣ ወደ ሒሳብዎ ብር 999,999.00 ገቢ ሆኗል።»

እውነቱን ለመናገር፣ ለጥቂት ደቂቃዎች ያህል «ሙከራ ሦስት» ተብዬ መጠራቴን ወድጄው ነበር። ጠዋት ቅርንጫፉ ድረስ ሄጄ ስጠይቅ ግን ሒሳቤ እንደነበረው ነው። ያነጋገረችኝ ኃላፊ «ሲስተም ነው፣ ይቅርታ» ብላ ሸኘችኝ። በዚህች አገር «ሲስተም ነው» ከተባለ በኋላ ክርክር የለም። ድሮ «ከበላይ አካል የመጣ ነው» ይባል የነበረውን ቦታ የወሰደ ቃል ነው።

የእህቴ ልጅ የሶፍትዌር ባለሙያ ናት። መልዕክቱን ሳሳያት ትስቃለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልሳቀችም። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የሚያስቅ አይደለም። የሙከራው ሲስተም የእውነተኛውን የመልዕክት መላኪያ አድራሻ ይዞ ነው ማለት ነው። ደግሞስ የእርስዎ ስልክ ቁጥር የሙከራ መዝገብ ውስጥ ምን ይሠራል? እሱን ይጠይቁልኝ» አለችኝ። እኔም ይህንን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ከዚያ ቀጥሎ ያስረዳችኝ ነገር ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። አንድ ባንክ የሚጠቀምበት ሶፍትዌር የሚኖረው አንድ ቦታ ብቻ አይደለም። ቢያንስ ሦስት ቤት አለው። አንደኛው ባለሙያዎቹ የሚጽፉበትና የሚያፈርሱበት ነው። ሁለተኛው የተጻፈው የሚፈተንበት ነው። ሦስተኛው የእኔና የእርስዎ ገንዘብ ያለበት ነው፤ እነሱ «ፕሮዳክሽን» ይሉታል። ሶፍትዌሩ በሦስቱም ቤት አንድ ዓይነት መሆን አለበት። የሚለያየው ከየቤቱ ጋር የሚያገናኘው ዝርዝር ነው፦ የትኛውን የመረጃ ቋት ይክፈት? በየትኛው የይለፍ ቃል? መልዕክት በየት በኩል ይላክ? በቀን የሚፈቀደው የማስተላለፊያ ጣሪያ ስንት ነው? አዲሱ አገልግሎት በርቷል ወይስ ጠፍቷል? ይህ ዝርዝር «ኮንፊገሬሽን» ይባላል። እኔ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ቅንብር» እለዋለሁ።

ቅንብር ሲያዩት ተራ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ ጥቂት ገጽ የማይሞላ ጽሑፍ ነው፤ በስተግራ ስም፣ በስተቀኝ ዋጋ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር የኮድ መስመር ወራት ፈጅቶ ተጽፎ፣ ተገምግሞ፣ ተፈትኖ ሲያበቃ፣ ያ ሁሉ ድካም በስተመጨረሻ የሚታዘዘው ለዚህች ቁራሽ ነው። በፈተናው ቤት «የማስተላለፊያ ጣሪያ» ከሚለው ስም አጠገብ አንድ ቁጥር፣ በእውነተኛው ቤት ሌላ ቁጥር ከተጻፈ፣ የተፈተነው ሌላ፣ ሥራ ላይ የዋለው ሌላ ሆነ ማለት ነው።

የእህቴ ልጅ እንደምትለው በየመሥሪያ ቤቱ የሚታየው አሠራር ሁለት ዓይነት ሕመም አለው። አንደኛው ለየቤቱ ሶፍትዌሩን እንደ አዲስ መገንባት ነው። ለፈተና አንድ ጊዜ ይገነባል፤ ፈተናውን ሲያልፍ ያ የተፈተነው ይጣልና ለእውነተኛው ቤት ሌላ ይገነባል። በመካከሉ የሆነ ተጨማሪ ክፍል ተሻሽሎ፣ አንድ የግንባታ ምርጫ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ለእኔ ይህ ረቂቁን ምክር ቤት አጽድቆት ሲያበቃ፣ ጋዜጣው ላይ ለማተም ከማስታወሻ እንደገና እንደ መጻፍ ነው። ሁለተኛው ሕመም በእጅ መቀየር ነው። ዓርብ ማታ አንድ ሰው ከቤቱ ሆኖ ወደ ሰርቨሩ ይገባል፤ አንዲት መስመር ይለውጣል፤ ችግሩ ይፈታል፤ ሁሉም «እግዜር ይስጥህ» ይለዋል። ያቺ መስመር ግን የትም አልተመዘገበችም። ሰውየው ወደ ሌላ ባንክ በተሻለ ደመወዝ ሲሄድ አብራው ትሄዳለች።

እኔ የሕግ ሰው ነኝና ይህንን ስሰማ ትዝ ያለኝ ኮምፒዩተር አይደለም። ትዝ ያለኝ መመሪያ ነው። አዋጅ በምክር ቤት ክርክር ይደረግበታል፣ ድምፅ ይሰጥበታል፣ በነጋሪት ጋዜጣ ይታተማል። ባለጉዳይ ግን መስኮት ላይ ደርሶ የሚጋጨው ከአዋጁ ጋር አይደለም፤ ከመመሪያው ጋር ነው። መመሪያው ደግሞ ለረዥም ዘመን የኖረው በኃላፊው መሳቢያ ውስጥ ነው። አንዱ ክፍለ ከተማ የሚሠራበት ሌላው አያውቀውም። ጠበቃ ሆነን ስንከራከር «ይህ የሚጠቀሰው መመሪያ የት አለ?» ብለን ስንጠይቅ «የውስጥ ነው» የሚል መልስ የተሰጠን ብዙዎች ነን። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የወጣው ከሞላ ጎደል ለዚህ ነው። አዋጁ መመሪያ እንዲመዘገብና በድረ ገጽ እንዲታይ ያዛል፤ ያልተመዘገበና ያልወጣ መመሪያ ተፈጻሚ እንዳይሆን ይከለክላል። አፈጻጸሙ እንዴት ነው የሚለው ራሱን የቻለ ሌላ ሐተታ ይፈልጋል። መርሑ ግን ገብቶናል፦ ሰውን የሚያስገድደው ጽሑፍ በሥርዓት ይያዝ።

ታዲያ የባንክ ደብተራችንን የሚገዛው ቅንብር ለምን እስካሁን መሳቢያ ውስጥ ይኖራል?

ጉዳዩ የባለሙያዎች የውስጥ ጣጣ ብቻ የሚመስለው አንባቢ ካለ፣ በአሜሪካ ናይት ካፒታል የተባለው የአክሲዮን ደላላ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2012 የደረሰበትን ይመልከት። በዚያን ዕለት የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ አዲስ አሠራር ይጀምር ነበርና ኩባንያው ለዚሁ የሚሆን አዲስ ኮድ አዘጋጀ። ኮዱ ስምንት ሰርቨሮች ላይ መጫን ነበረበት። የጫነው ባለሙያ ሰባቱ ላይ ጫነና ስምንተኛውን ረሳው። ሥራውን ሁለተኛ ሰው አላየለትም፤ እንዲያይለት የሚያዝ የጽሑፍ ደንብም አልነበረም። ይህ ብቻ ቢሆን ምናልባት ጉዳቱ በቀለለ። ነገር ግን አዲሱን አሠራር የሚያበራው ምልክት፣ ቀድሞ «ፓወር ፔግ» የሚባል አሮጌ አሠራር ያበራ የነበረው ያው ምልክት ነበር። ፓወር ፔግ ከ2003 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሎ አያውቅም፤ ከኮዱ ውስጥ ግን አልወጣም። ስለዚህ ምልክቱ ሲበራ ሰባቱ ሰርቨሮች አዲሱን ሥራ ሲጀምሩ፣ ስምንተኛው የሞተውን አስነሣ።

ገበያው በተከፈተ በ45 ደቂቃ ውስጥ የኩባንያው ሲስተም በ154 ኩባንያዎች አክሲዮን ላይ ከ4 ሚሊዮን በላይ ግብይት ፈጸመ። ከስሕተቱ የመጣው ኪሣራ ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። እጅግ የሚያሳዝነው ደግሞ ለማዳን የተደረገው ጥረት ነው። ባለሙያዎቹ ጥፋቱ ከአዲሱ ኮድ የመጣ መስሏቸው በትክክል ከተጫነባቸው ሰባት ሰርቨሮች ላይ አነሡት። ምልክቱ እንደበራ ነውና ሰባቱም እንደ ስምንተኛው አሮጌውን ሥራ ጀመሩ። የትኛው ሰርቨር ላይ ምን እንዳለ የሚያሳይ የታመነ ዝርዝር በእጃቸው ቢኖር ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር። ገበያው ከመከፈቱ በፊት ስሕተቱን የሚያመለክቱ 97 የኢሜይል መልዕክቶች ከራሱ ከሲስተሙ ለሠራተኞች ደርሰው ነበር። እንደ ማስጠንቀቂያ የቆጠራቸው አልነበረም።

ይህንን ሁሉ እንዴት አወቅሁ? የኩባንያው ባልደረባ ነግሮኝ አይደለም። የአሜሪካ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ጉዳዩን መርምሮ በጥቅምት 2013 የ12 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ሲወስን፣ ውሳኔውን ከነምክንያቱ ለሕዝብ ስላወጣው ነው። እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ይበልልኝ። ስምንተኛዋ ሰርቨር፣ የተረሳው ኮድ፣ 97ቱ መልዕክቶች፣ ሁሉም በአንድ የመንግሥት ሰነድ ላይ ተጽፈው ለማንም ክፍት ሆነው ይገኛሉ።

የእንግሊዙ ቲኤስቢ ባንክ ጉዳይ ደግሞ ለሕግ ሰው የበለጠ ይጥማል። ባንኩ በሚያዝያ 2018 (እ.ኤ.አ.) በአንድ የዕረፍት ቀናት ጊዜ ውስጥ የ5.2 ሚሊዮን ደንበኞቹን መዝገብ ከአሮጌው ሲስተም ወደ አዲሱ አሻገረ። መረጃው በደኅና ተሻገረ። ሰኞ ጠዋት ግን ደንበኞች ሒሳባቸውን መክፈት አቃታቸው፤ አንዳንዶች የሌላ ሰው ሒሳብ ታያቸው። ነገሩ ወደ ቦታው የተመለሰው በታኅሣሥ ወር ነው። ባንኩ ያስጠራው የሕግ ድርጅት በኅዳር 2019 ባወጣው ዘገባ ላይ እንደሚነበበው፣ አዲሱ ሲስተም የሚሠራው በሁለት የመረጃ ማዕከሎች ላይ ነበር። ሁለቱ አንድ ዓይነት መሆን ሲገባቸው ቅንብራቸው አልተመሳሰለም። ጫና የመሸከም ፈተናው የተካሄደው ደግሞ በአንደኛው ላይ ብቻ ነው። ያልተፈተነውን ማዕከል የፈተኑት ሰኞ ጠዋት ደመወዛቸውን ሊያዩ የገቡ ደንበኞች ናቸው ማለት ነው።

በታኅሣሥ 2022 ሁለቱ የእንግሊዝ ተቆጣጣሪዎች ባንኩን 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጡት። ባንኩ ከዚያ ቀደም ብሎ ለደንበኞቹ 32.7 ሚሊዮን ፓውንድ ካሣ ከፍሏል። ከዚህ ሁሉ ትኩረቴን የሳበው ግን በሚያዝያ 2023 የተወሰነው አነስተኛ ቅጣት ነው፤ 81,620 ፓውንድ። የተቀጣው ባንኩ አይደለም፤ የመረጃ ቴክኖሎጂ ኃላፊው በግሉ ነው። የተቀጣበትም ምክንያት ሥራውን ለውጭ ድርጅት ሲሰጥ ድርጅቱ ዝግጁ መሆኑን በሚገባ አላረጋገጠም የሚል ነው። «ዝግጁ ነን» የሚል ደብዳቤ መቀበል ማረጋገጥ አይደለም ተብሏል በአጭሩ። እኛ አገር ስንት የርክክብ ቃለ ጉባኤ በዚህ ዓይነት ደብዳቤ ላይ ተፈርሟል?

ወደ ቤታችን እንመለስ። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውን የማያስታውስ የለም። ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በዩኒቨርሲቲ ማደሪያዎች ከመብራት በፈጠነ ፍጥነት ተዳረሰ፤ በኤቲኤም ፊት ሰልፍ ሆነ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን ገለጸ። ብሔራዊ ባንክም ችግሩ በጥገናና በፍተሻ ሥራ ወቅት የተፈጠረ መሆኑን አስታወቀ። ያለአግባብ የወጣው ገንዘብ ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ እንደሆነ፣ በዚያው ወር ውስጥም አብዛኛው እንደተመለሰ ባንኩ ይፋ አደረገ። ያልመለሱ ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ ተለጠፈ።

ገንዘቡ መመለስ እንዳለበት የሚያከራክር ነገር የለም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2164 ያልተገባውን የከፈለ ሰው እንዲያስመልስ መብት ይሰጠዋል። የሌላ ሰው ገንዘብ መሆኑን እያወቀ የወሰደ ተማሪም «ማሽኑ ሰጠኝ» በማለት አያመልጥም። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። የተማሪው ፎቶግራፍ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ፣ የሌሊቱ ለውጥ ታሪክ የት ተለጠፈ? ምን ተቀየረ፣ በፈተናው ቤት ተሞክሮ ነበር ወይ፣ ሁለተኛ ሰው አይቶት ነበር ወይ፣ ወደ ነበረበት ለመመለስ ስንት ሰዓት ፈጀ? «ጥገናና ፍተሻ» የሚሉት ሁለት ቃላት ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ አይሆኑም። ሌሎቹ ባንኮች ከዚያ ሌሊት የተማሩት ምንድን ነው ቢባል፣ እንደ እኔ ግምት፣ ተማሪዎች ሌሊት እንደማይተኙ ብቻ ነው።

መፍትሔው የማይታወቅ ነገር አይደለም፤ በዓለም ላይ የተለመደ አሠራር ነው። ሶፍትዌሩ አንድ ጊዜ ይገነባል፤ ያው የተፈተነው፣ ሳይነካ፣ ወደ እውነተኛው ቤት ይሻገራል። የየቤቱ ቅንብር ከኮዱ ተለይቶ፣ ግን እንደ ኮዱ ሁሉ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደቀየረው በሚያሳይ መዝገብ ይያዛል። ሁለተኛ ሰው ሳያጸድቀው አይገባም። የይለፍ ቃሎች ከዚህ መዝገብ ወጥተው ለብቻቸው በተቆለፈ ቦታ ይቀመጣሉ። በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው ልዩነት በየጊዜው በማሽን ይነጻጸርና ያልተመዘገበ ልዩነት ሲገኝ ደወል ይደወላል። በእጅ ወደ ሰርቨሩ ገብቶ መቀየር የሚቻለው በአደጋ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያም በማግሥቱ ይመዘገባል።

ይህንን ስናገር «ጋሽ ጠበቃ፣ ሁለት ባለሙያ ላለው የቁጠባ ተቋም ይህ ቅንጦት ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ከፊሉ እውነት አለው። የዋናው ባንክ ሶፍትዌር ከውጭ የተገዛ ነው፣ ቁልፉም በሻጩ እጅ ነው፣ የፈተና ቤት ማቋቋም ራሱ የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል። መዝገብ መያዝ ግን የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም። ሁለተኛ ሰው እንዲያይ ማድረግም አይጠይቅም። ደግሞ ሀብታምነት ብቻውን አያድንም። በሐምሌ 2024 (እ.ኤ.አ.) ክራውድስትራይክ የተባለው የጥበቃ ሶፍትዌር ኩባንያ 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮችን በአንድ ቀን ያጠፋው በአዲስ ኮድ አልነበረም። እንደ ቀላል ነገር ታይታ፣ በደረጃ ሳይሆን ለሁሉም ባንድ ጊዜ በተላከች የቅንብር ፋይል ነው። ቅንብርን ከኮድ አሳንሶ የማየት በሽታ እኛ ጋ ብቻ ያለ አይደለም።

የእኛ የሕግ ሰዎች ድርሻም አለበት። የሶፍትዌር አቅርቦት ውሎችን በብዛት አይቻለሁ፤ አርቅቄአለሁም። ስለ ክፍያ አሥር ገጽ፣ ስለ ግልግል ዳኝነት አራት ገጽ እንጽፋለን። ቅንብሩ የማን ንብረት ነው፣ በርክክብ ቀን በምን መልክ ይሰጣል፣ ሻጩ ከውጭ ገብቶ ሲቀይር ለማን ያሳውቃል ለሚሉት ጥያቄዎች ግን አንዲት አንቀጽ አልነበረችም። በብዙዎቹ ላይ የእኔም ፊርማ አለበት።

ከ«ሙከራ 3» በኋላ ሕሊናዬ ስለወቀሰኝ፣ በሕግ አማካሪነት በማገለግልበት አንድ አነስተኛ አበዳሪ ተቋም ስብሰባ ላይ ጥያቄ አነሣሁ። «በፈተናው ሲስተምና በእውነተኛው መካከል ያሉት ልዩነቶች ዝርዝር ይቅረብልን» አልኩ። የቴክኒክ ክፍሉ ኃላፊ ቅን ወጣት ነው፤ ዝርዝር እንደሌለ ሳይደብቅ ተናገረና ሁለት ሳምንት ጠየቀ። በሁለተኛው ሳምንት ሦስት ገጽ ይዞ መጣ። አብዛኛው የሚጠበቅ ነው፤ አድራሻ፣ የሰርቨር ስም፣ የመሳሰለው። በሁለተኛው ገጽ ላይ ግን አንዲት መስመር ነበረች። ከተወሰነ መጠን በላይ ገንዘብ ሲወጣ ለተቆጣጣሪው ማስጠንቀቂያ የሚልከው ቅንብር በፈተናው ሲስተም በርቷል፤ በእውነተኛው ጠፍቷል።

በዋዜማ ገበያ ሰዓት ማስጠንቀቂያው በዝቶ ሥራ ስላስቸገረ «ለጊዜው» ተብሎ እንደጠፋ ወጣቱ ከሥራ ባልደረቦቹ አጣርቶ ነበር። ዋዜማው የየትኛው በዓል እንደሆነ ስንጠይቀው የገና ነው አለን። የዚህ ዓመት ሳይሆን የባለፈው። «ያጸደቀው» የሚለው ዓምድ ባዶ ነበር።